አንድ ሜዳ፣ አራት ወንበር፦ የዊልቸር ጥንድ ቴኒስ በዊምብልደን እንዴት ይሠራል? ክርክሩስ ምን ላይ ነው?

በጁላይ 2025 በዊምብልደን የወንዶች ዊልቸር ጥንድ ፍጻሜ ስፔናዊው ማርቲን ዴ ላ ፑዌንቴ እና ኔዘርላንዳዊው ሩበን ስፓርጋረን ብሪታኒያውያኑን አልፊ ሂዊትንና ጎርደን ሪድን አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሂዊትና ሪድ በዚያው ሜዳ ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆኑ፣ በ2024 ደግሞ በፓሪስ ፓራሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁ ጥንድ ስለሆኑ ስፖርቱን ለሚከታተሉ ሰዎች ውጤቱ ትልቅ ዜና ነበር። ውድድሩን አልፎ አልፎ በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ግን ሌላ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። ኳሱ ሁለት ጊዜ ነጥሮ ለምን ጨዋታው ይቀጥላል? ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ የግራንድ ስላም፣ ማለትም ከአራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች የአንዱ፣ ሻምፒዮን መባል ይቻላል? እነዚያው ሁለት ሰዎች በየዓመቱ የሚያሸንፉት ተወዳዳሪ ስለሌለ ነው?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ ነው። አንዱ ወገን ስፖርቱን «የቀለለ ቴኒስ» አድርጎ ያየዋል፣ ሌላው ወገን በአድናቆት ብቻ ያልፈዋል። ሁለቱም ጨዋታውን አያዩትም። የዊልቸር ጥንድ ቴኒስ የራሱ አሠራር፣ የራሱ ስሌትና የራሱ ስህተቶች ያሉት ሙያ ነው። ስለ ተሳታፊ ቁጥር፣ ስለ ምድብና ስለ ውድድር ቀን የሚነሳውን ክርክር ለመመዘንም መጀመሪያ ይህን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

የተለወጠው ደንብ ጥቂት ነው

ሜዳው ያው ነው፤ ርዝመቱ 23.77 ሜትር፣ የጥንድ ጨዋታ ወርዱ 10.97 ሜትር። መረቡም ያው ነው፤ መሀል ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር፣ ምሰሶዎቹ ጋ 1.07 ሜትር። ኳሱና ራኬቱም አልተለወጡም። በሰፊው የሚታወቀው ልዩነት የነጠራ ደንቡ ነው። ዊልቸር ተጫዋች ኳሱን ሁለት ጊዜ እስኪነጥር ጠብቆ መምታት ይችላል። የመጀመሪያው ነጠራ ሜዳው ውስጥ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ከመስመር ውጭ ቢሆንም ችግር የለውም። ሦስተኛ ከነጠረ ነጥቡ ለተቃራኒ ነው።

ከዚህ ሌላ ያሉት ደንቦች ወንበሩን የሚመለከቱ ናቸው፣ ጥብቅም ናቸው። ወንበሩ የተጫዋቹ አካል ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ በጨዋታ ላይ ያለ ኳስ ጎማውን ወይም የወንበሩን ብረት ቢነካ ነጥብ ይጠፋል። ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት ተጫዋቹ ቢያንስ በአንድ በኩል መቀመጫው ወንበሩን መንካት አለበት፤ ተነስቶ መምታት አይቻልም። እግሩን መሬት ላይ ወይም ጎማ ላይ አስደግፎ ፍሬን ማድረግ፣ ለመዞርም ሆነ ሚዛን ለመጠበቅ መጠቀም የተከለከለ ነው። ሰርቪስ፣ ማለትም ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት፣ ሲመታ ወንበሩ መጀመሪያ ቆሞ መሆን አለበት፤ ከዚያ ኳሱን ከመምታቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ መግፋት ይፈቀድለታል።

ስፖርቱ የተጀመረው በ1976 በካሊፎርኒያ ነው። መሥራቹ ብራድ ፓርክስ በበረዶ ሸርተቴ ስፖርት ላይ ተጎድቶ ሽባ የሆነ ወጣት ነበር። በ1988 በሴኡል ፓራሊምፒክ ለማሳያ ቀርቦ፣ ከ1992 ባርሴሎና ጀምሮ የሜዳሊያ ውድድር ሆኗል።

ሁለት ነጠራ ጨዋታውን ያቀላል ወይ?

«ሁለት ጊዜ ከነጠረማ ማን ያመልጠዋል» የሚለው አስተያየት አንድ ነገር ይዘነጋል። ኳስ ሁለተኛ እስኪነጥር መጠበቅ ዋጋ አለው። በጠንካራ ሜዳ ላይ ጥልቅ ሆኖ የመጣ ኳስ ሁለተኛ የሚነጥረው ከኋላ መስመር በብዙ ሜትር ርቆ ነው። ተጫዋቹ እዚያ ድረስ ወደ ኋላ ከሄደ መልሶ የሚልከው ኳስ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ሊጠቀምበት የሚችለው የጎን ማዕዘን ይጠብባል፣ ተቃራኒዎቹም ወደ ፊት ለመጠጋት ጊዜ ያገኛሉ። ጀማሪ ተጫዋች ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነጠራ ይጠብቃል፤ በዚህም ራሱን ከሜዳው ያስወጣል። ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉት በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ነጠራ ይመታሉ፤ ሁለተኛውን የሚጠቀሙበት ሲገደዱ ነው።

በዊምብልደን ሣር ላይ ደግሞ የሁለተኛው ነጠራ ጥቅም በጣም ይቀንሳል። ሣር ላይ ኳስ ዝቅ ብሎ ይንሸራተታል፤ ሁለተኛ ሲነጥር ከመሬት ብዙም አይነሳም። ስለዚህ ተጫዋቹ ወይ ፈጥኖ በመጀመሪያው ይደርስበታል፣ ወይ ከጉልበቱ በታች ያለ ኳስ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል። በፓሪሱ ሮላንድ ጋሮስ ቀይ አፈር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኳሱ ከፍ ብሎ ይነጥራል፣ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰውም ከትከሻ በላይ ይሆንበታል።

ተቀምጦ ሰርቪስ መምታት፦ አንድ ቀላል ስሌት

የዊልቸር ቴኒስ ለምን የራሱ ስልት እንዳለው ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የሰርቪስ ስሌት ነው። ከኋላ መስመር እስከ መረብ 11.885 ሜትር ነው። ከመረብ እስከ ሰርቪሱ ሳጥን መጨረሻ ደግሞ 6.40 ሜትር። የመሬት ስበትን ለጊዜው ትተን ኳሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብንል፣ የመረቡን መሀል አልፎ ሳጥኑ ውስጥ እንዲያርፍ ከምን ያህል ከፍታ መመታት አለበት? ስሌቱ 2.61 ሜትር ገደማ ይሰጣል። ቁመተ ረጅም ሰው ቆሞ፣ ክንዱንና ራኬቱን ዘርግቶ እዚህ ከፍታ ይደርሳል። ተቀምጦ የሚመታ ሰው ግን ከ2 ሜትር ቢያልፍ በጥቂት ነው።

ይህ ማለት ለዊልቸር ተጫዋች ቀጥ ያለ ኃይለኛ ሰርቪስ የሚባል መንገድ በተግባር ዝግ ነው። ኳሱን ወደ ላይ ቅስት አድርጎ፣ ሽክርክሪት ሰጥቶ፣ ስበቱ እንዲያወርድለት ማድረግ አለበት። ሽክርክሪትና ቅስት ፍጥነት ይቀንሳሉ። ውጤቱ በጨዋታው ላይ በግልጽ ይታያል፦ ቆመው በሚጫወቱት ዘንድ ሰርቪስ የሚመታው ወገን በአብዛኛው ጌሙን፣ ማለትም ሰርቪሱ በአንድ ሰው እጅ የሚቆይበትን የጨዋታ ክፍል፣ ያሸንፋል፤ በዊልቸር ግን ሰርቪስ መሰበር፣ ማለትም በራስ ሰርቪስ ጌም መሸነፍ፣ የዘወትር ነገር ነው። ተመልካች «ሰርቪሳቸውን አጡ፣ ወደቁ» ብሎ ሲደነግጥ ተጫዋቾቹ ራሳቸው እምብዛም አይደነግጡም።

ለጥንድ ጨዋታ የዚህ መዘዝ ትልቅ ነው። ቆመው የሚጫወቱ ጥንዶች መረብ ላይ አንድ ሰው የሚያቆሙት የጓደኛው ሰርቪስ ፈጣን ስለሆነና ተመላሹ ኳስ ደካማ ሆኖ ስለሚመጣላቸው ነው። እዚህ ግን ተመላሹ ኳስ ብዙ ጊዜ ከሰርቪሱ ይበረታል። መረብ ላይ የቆመው ሰው አዳኝ መሆኑ ቀርቶ ታዳኝ ይሆናል።

ዊምብልደን ለምን በጥንድ ጀመረ?

የግራንድ ስላም ውድድሮች የሚባሉት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም የአውስትራሊያ ኦፕን፣ ሮላንድ ጋሮስ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን ናቸው። ዊልቸርን ያስገቡበት ጊዜ ይለያያል፦ አውስትራሊያ በ2002፣ ዩኤስ ኦፕንና ዊምብልደን በ2005፣ ሮላንድ ጋሮስ በ2007። ዊምብልደን ግን ለየት ይላል። በ2005 የገባው የወንዶች ጥንድ ብቻ ነበር፤ የሴቶች ጥንድ በ2009 ተጨመረ፤ የነጠላ ጨዋታ እስከ 2016 ድረስ አልነበረም። ለ11 ዓመት የተሰጠው ምክንያት ሣሩ ነው፦ ጎማ ሣር ላይ ይከብዳል፣ አንድ ሰው ብቻውን ሜዳውን መሸፈን አይችልም የሚል።

ምክንያቱ ከሜዳው ስፋት አንጻር ከእውነት የራቀ አልነበረም። በነጠላ ጨዋታ ወርዱ 8.23 ሜትር ስለሆነ አንድ ተጫዋች ወደ 98 ካሬ ሜትር የሚሆን ግማሽ ሜዳ ይጠብቃል። በጥንድ ጨዋታ ግራና ቀኝ 1.37 ሜትር ቢጨመርም ስፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 65 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የነጠላው ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ሣር ላይ እያንዳንዱ ግፊት ከጠንካራ ሜዳ የበለጠ ጉልበት ስለሚበላ ይህ ልዩነት ክንድ ላይ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ ምክንያቱ ለ11 ዓመት የሚያዘልቅ አልነበረም። በ2016 ነጠላው ሲጀመር የወንዶቹን ዋንጫ የወሰደው ያው ጎርደን ሪድ ነው፤ በዚያው ሳምንት ከሂዊት ጋር ጥንዱንም አሸንፏል። ሣሩ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ የማይቻል መሆኑ ግን ግምት ነበር። ስለ ዊልቸር ቴኒስ የሚወሰኑ ብዙ ውሳኔዎች ዛሬም እንዲህ ባለ ያልተፈተነ ግምት ላይ ሲቆሙ ይታያል።

የመጀመሪያው የ2005 ሻምፒዮን ጥንድ ፈረንሳዊው ሚካኤል ጄሬሚያዝና ብሪታኒያዊው ጃያንት ሚስትሪ ነበሩ። የአገር ለአገር ቅይጡን ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወንበሩ

የቴኒስ ወንበር ከሆስፒታል ወይም ከመንገድ ወንበር ጋር የሚያመሳስለው ጥቂት ነገር ነው። ፍሬን የለውም። ትልልቆቹ ሁለት ጎማዎች ከላይ ወደ ውስጥ፣ ከታች ወደ ውጭ ዘመም ያሉ ናቸው፤ ዝንባሌው ብዙውን ጊዜ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ዝንባሌ የጎማዎቹ መሬት ላይ ያለ ርቀት ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ወንበሩ በፍጥነት ሲዞር አይገለበጥም፣ መዞሩም ይቀላል። ጉዳቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጎማው መሬቱን የበለጠ መፋቁ ነው። ከፊት ትንንሽ ጎማዎች አሉ፤ ከኋላ ደግሞ ተጫዋቹ ለሰርቪስ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወንበሩ እንዳይወድቅ የሚይዝ ትንሽ ጎማ አለ። አካሉ ከአሉሚኒየም፣ ከታይታኒየም ወይም ከካርቦን ይሠራል፤ በተጫዋቹ ልክ ተለክቶ የሚሠራ ስለሆነም ዋጋው በብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ተጫዋቹ በወገቡ፣ በጭኑና በእግሩ በማሰሪያ ይታሰራል። ወገቡ ሲዞር ወንበሩም አብሮ መዞር አለበት፤ በሰውና በወንበር መካከል ክፍተት ካለ ግማሹ ጉልበት እዚያው ይቀራል። የእግር ማሰሪያ ሲላላ እግር ወርዶ መሬት ሊነካ፣ ነጥብም ሊያስጠፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ራኬት ይዞ መግፋት ነው። አንዱ እጅ ነጻ ነው፤ ሌላው እጅ ራኬቱን ከመግፊያው ቀለበት ጋር አብሮ ጨብጦ ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱ እጆች እኩል አይገፉም፣ ወንበሩም ወደ ራኬቱ በኩል ማዘንበል ይፈልጋል። የሚዘወተረው መፍትሔ የራኬቱን አያያዝ ብዙ ሳይቀያይሩ በአንድ የራኬት ፊት ፎርሃንድንም (በራኬቱ እጅ በኩል የሚመታውን) ባክሃንድንም (በተቃራኒው በኩል የሚመታውን) መምታት ነው። መዳፍ ይላጣል፤ የሸክላ አፈር ቀለበቱ ላይ ሲጣበቅ ወይም ላብ ሲያረጥበው እጅ ያመልጣል፤ አንድ ያመለጠ ግፊት ደግሞ አንድ ያልተደረሰበት ኳስ ነው።

ሁለት ሰው ሜዳውን እንዴት ይካፈላል?

ቆሞ የሚጫወት ሰው ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ይራመዳል፣ ፊቱን ከመረቡ ሳያዞር ቦታ ይቀይራል። ወንበር ወደ ጎን አይሄድም። ወደ ግራ መሄድ የፈለገ ተጫዋች መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ግራ ማዞር፣ ከዚያ መግፋት አለበት። ከጥንድ ጨዋታው ስልት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ አንድ እውነት ነው።

የመጀመሪያው መመሪያ ጎማ አይቁም የሚል ነው። የቆመን ወንበር ለማንቀሳቀስ የመጀመሪያው ግፊት ከሁሉም በላይ ጉልበት ይበላል። ስለዚህ ተጫዋቹ ኳሱን ከመታ በኋላ ቆሞ ውጤቱን አያይም፤ ክብ እየሠራ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀጣዩ ኳስ ሲመታም ወንበሩ አስቀድሞ በእንቅስቃሴ ላይ ነው። በጥንድ ጨዋታ ኳሱን ያልመታው ሰውም እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ያለ ምክንያት የሚዞር ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን ፍጥነት እያስቀመጠ ነው።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ብዙ ነጥቦች የሚጀምሩት ሁለቱም ከኋላ መስመር አካባቢ ሆነው ነው። ምክንያቱ ሎብ ነው፤ ሎብ ማለት በተቃራኒው ራስ ላይ አልፎ ከኋላው እንዲያርፍ ከፍ ተደርጎ የሚላክ ኳስ ነው። መረብ ላይ ቆሞ የሚጫወት ሰው ሎብ ሲመጣበት ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከአናት ይመታዋል። ዊልቸር ላይ ያለው ግን ክንዱ የሚደርስበት ከፍታ ዝቅተኛ ነው። ኳሱ ካለፈው 180 ዲግሪ ዞሮ፣ ጀርባውን ለመረቡ ሰጥቶ፣ ከቆመበት ተነስቶ መግፋት አለበት። ሁለት ነጠራ ቢፈቀድለትም ብዙ ጊዜ አይደርስም።

ታዲያ ወደ መረብ መሄድ ስህተት ነው? አይደለም። ምርጦቹ ጥንዶች ይሄዳሉ፤ የሚሄዱበትን ጊዜ ግን ይመርጣሉ። ተቃራኒው ከኋላ መስመር ርቆ ሁለተኛውን ነጠራ ሲጠብቅ ሲያዩት አንዱ ወደ ፊት ይገባል። ከዚያ ርቀት ላይ ያለ ሰው ጥሩ ሎብ ለመላክ ይቸገራልና። ያኔ የፊተኛው ኳሱን መሬት ሳይነካ በአጭሩ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ አጭር ኳስ ደግሞ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ላለ ወንበር መድረሻ የሌለው ነው።

አንዱ ፊት ሄዶ ሎብ ካለፈው ጓደኛው ከኋላው በሰያፍ ተሻግሮ ይሸፍንለታል፣ የፊተኛው ደግሞ ባዶ ወደቀረው ጎን ይዞራል። ይህ ቅያሪ በሰከንድ ክፍልፋይ በአንድ ቃል ይወሰናል፤ «የኔ» ወይም «ቀይር»። ቃሉ ከዘገየ ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ሁለቱም አንድ ጎን ላይ ተገኝተው ግማሹ ሜዳ ይከፈታል፣ ወይ ሁለቱ ወንበሮች ይጋጫሉ። ወደ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ ሁለት ወንበሮች ጎማ ለጎማ ከተያያዙ ነጥቡ አልቋል፤ ጣት መጎዳትም አለ።

ሦስተኛው የመሀሉ ኳስ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመጣ ኳስ የማን ነው? አንዱ ቀኝ ሌላው ግራ እጁን የሚጠቀም ከሆነ ምርጫ አላቸው። ግራኙን በቀኝ በኩል ቢያስቀምጡ የሁለቱም ፎርሃንድ ወደ መሀል ይሆናል፤ መሀሉ ይጠነክራል፣ ጎኖቹ ለባክሃንድ ይቀራሉ። ግራኙን በግራ ቢያስቀምጡ ጎኖቹ ይጠነክራሉ፣ መሀሉ ይሳሳል። ሪድ ግራኝ፣ ሂዊት ቀኘኛ ነው። በፓሪስ ፓራሊምፒክ ፍጻሜ ከገጠሟቸው ጃፓናውያን ቶኪቶ ኦዳም ግራኝ ነው፣ ታኩያ ሚኪ ደግሞ ቀኘኛ። ለተቃራኒ የዚህ ዓይነት ጥንድ የሚፈጥረው ችግር የኳሱ ሽክርክሪት አቅጣጫ ከሰው ሰው መቀያየሩ ነው። ቆሞ የሚጫወት ሰው ይህን በአንድ ትንሽ እርምጃ ያስተካክላል፤ ዊልቸር ላይ ያለው ወንበሩን ማዞር አለበት።

እነዚያው ሰዎች ለምን ያሸንፋሉ?

ሂዊትና ሪድ በ2021 አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ዓመት ጠቅልለው ወስደዋል። ከ2019 ዩኤስ ኦፕን ጀምሮ አሥር ግራንድ ስላም በተከታታይ አሸንፈው የተረቱት በ2022 ዊምብልደን ፍጻሜ በአርጀንቲናዊው ጉስታቮ ፈርናንዴዝና በጃፓናዊው ሺንጎ ኩኒዬዳ ነው። «ተወዳዳሪ ስለሌለ ነው» የሚለው ማብራሪያ ከፊል እውነት አለው። ለብዙ ዓመት ወደ ግራንድ ስላም የሚገቡት 4 ጥንዶች ብቻ ነበሩ፤ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል።

ነገር ግን ይህ ብቻውን አያስረዳም፤ የተቃራኒዎቹ ስም ይህን ይመሰክራል። ኩኒዬዳ በጃንዋሪ 2023 ጡረታ ሲወጣ በነጠላ 28፣ በጥንድ 22፣ በድምሩ 50 የግራንድ ስላም ዋንጫ ነበረው። ፈረንሳውያኑ ስቴፋን ኡዴና ኒኮላ ፔፌር በ2016 ሪዮም በቶኪዮውም ፓራሊምፒክ ፍጻሜ ሂዊትንና ሪድን አሸንፈዋል። ሦስተኛው ሙከራ ነው በፓሪስ 6ለ2፣ 6ለ1 ወርቅ ያስገኘላቸው።

የበለጠ የሚያስረዳው የአገር ጉዳይ ይመስለናል። በፓራሊምፒክ ጥንዶች ከአንድ አገር መሆን አለባቸው፤ በግራንድ ስላም ግን ማንም ከማንም ጋር ይጣመራል። ስለዚህ ከአንድ አገር የሆኑ ጠንካራ ሁለት ተጫዋቾች ዓመቱን ሙሉ አብረው ይለማመዳሉ፣ ለፓራሊምፒኩም ለግራንድ ስላሙም አንድ ጥንድ ናቸው። ሌሎቹ አንድ ሳምንት ከአንዱ፣ ሌላ ሳምንት ከሌላው ጋር ይሰለፋሉ። ከላይ የተገለጸው ቅያሪ፣ ያ የአንድ ቃል ውሳኔ፣ በአንድ ሳምንት የሚጠና አይደለም። ከ2005 ጀምሮ ቅይጥ ጥንዶች ዊምብልደንን ማሸነፋቸው የታወቀ ነው፣ በ2022ና በ2025ም ሆኗል፤ በየዓመቱ ደጋግሞ ማሸነፍ ግን በአብዛኛው አብረው ላደጉ ጥንዶች የተተወ ሆኖ ቆይቷል።

የምድብ ክርክር

በዊልቸር ቴኒስ ሁለት ዋና ምድቦች አሉ። «ኦፕን» የሚባለው የእግር እንቅስቃሴ ጉዳት ላለባቸው ነው፤ «ኳድ» የሚባለው እጆቻቸውም ለተጎዱ። የኳድ ተጫዋች ራኬቱን ከእጁ ጋር በፕላስተር ማሰር ይፈቀድለታል፣ በኤሌክትሪክ ወንበርም ሊጫወት ይችላል። የወንዶች ጥንድ የሚባለው የኦፕን ምድብ ነው።

ክርክሩ ኦፕን ውስጥ ያለው ልዩነት ሰፊ መሆኑ ላይ ነው። ከጉልበት በታች እግሩ የተቆረጠ ሰው የሆድና የወገብ ጡንቻው ሙሉ ነው፤ ጎንበስ ቀና ይላል፣ ከወገቡ ተጠማዝዞ ይመታል። ህብለ ሰረሰሩ ደረቱ አካባቢ የተጎዳ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው በማሰሪያውና በነጻ እጁ ነው። ሁለቱ ግን በአንድ ምድብ ይጋጠማሉ። በጥንድ ጨዋታ ልዩነቱ በይበልጥ ይጋለጣል፤ ተቃራኒዎች የወገብ ጡንቻው ወደ ደከመው ሰው ዝቅተኛና ሰፊ ኳስ ደጋግመው ይልካሉና።

ምድቡ ይከፋፈል የሚሉ አሉ። የሚቃወሙት ደግሞ አሁንም ጥቂት የሆነ ተወዳዳሪ ቢከፋፈል ውድድሩ ይሳሳል፣ ጥንድ መመሥረትም ይከብዳል ይላሉ። የታችኛው ወሰን ጥያቄም አለ፦ ጉዳቱ ምን ያህል ሲሆን ነው ዊልቸር ቴኒስ የሚፈቀደው? የሂዊት ጉዳይ ይህን አደባባይ አውጥቶታል። ሂዊት የዳሌ አጥንትን የሚያጠቃ የፐርቴስ በሽታ አለበት። አዲስ የምደባ ደንብ ሲመጣ ጉዳቱ መስፈርቱን አያሟላም ተብሎ ከስፖርቱ ሊወጣ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን በኖቬምበር 2021 ደንቡን አሻሽሎ እንዲቀጥል ፈቀደ። ስለ ፍትሐዊነት ሁለቱም ወገን የሚያነሳው ጭብጥ ክብደት አለው። ለዓመታት በስፖርቱ የኖረን ሰው ደንብ ተቀየረ ብሎ ማስወጣት ግን ትክክል አልነበረም፤ ማሻሻያው ዘግይቶም ቢሆን ተገቢ ነው።

ስምንት ጥንድና የ2028 ጥያቄ

ዩኤስ ኦፕን በ2022 የወንዶችንና የሴቶችን ነጠላ ወደ 16 ተጫዋች፣ ጥንዱን ወደ 8 ጥንድ አሳደገ። ሌሎቹም ተከትለዋል። ተቃውሞ የነበራቸው ሰዎች ያነሱት ሁለት ነጥብ ነው፦ የሜዳና የጊዜ እጥረት፣ የመጀመሪያው ዙር የውጤት ልዩነት። የመጀመሪያው የአደረጃጀት ጉዳይ ስለሆነ መፍትሔ አለው። ሁለተኛው እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ሰፊ ውጤቶች ይታያሉ። ነገር ግን ልዩነቱ የሚጠብበት መንገድ እነዚያው ጨዋታዎች ናቸው። በዓለም 14ኛ የሆነ ተጫዋች ግራንድ ስላም ካልገባ የውድድሩን ነጥብም ሽልማትም አያገኝም፤ ያለ ሽልማት አሠልጣኝ፣ ጉዞና ወንበር የለም። ለዊልቸር የሚደርሰው ከውድድሩ ጠቅላላ ሽልማት ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው፣ የጥንዱ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል። ወንበር፣ ትርፍ ጎማና አንዳንዴም ረዳት ይዞ በአውሮፕላን ለሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ ዙር መውደቅና ጨርሶ አለመግባት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ያልተፈታው የቀን ጉዳይ ነው። ዩኤስ ኦፕን ፓራሊምፒክ በሚውልባቸው ዓመታት፣ በ2008፣ በ2012፣ በ2016 እና በ2024፣ የዊልቸር ውድድር አላካሄደም። በ2020 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ዊልቸርን ትቶ እንደሚካሄድ አስታውቆ፣ ተጫዋቾቹ ሳንጠየቅ ተወሰነብን ብለው ሲቃወሙ ውሳኔውን ቀይሯል። በ2021 ግን የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ሴፕቴምበር 5 ተጠናቆ፣ ተጫዋቾቹ ወደ ኒው ዮርክ በረው በዚያው ሳምንት ተወዳድረዋል። ሂዊትና ሪድ የዓመቱን አራተኛ ዋንጫ ያነሱት በዚያ ውድድር ነው። አድካሚ ነበር፤ ሆኖም ተችሏል።

የ2028 ፓራሊምፒክ በሎስ አንጀለስ ከኦገስት 15 እስከ 27 ይካሄዳል። ዩኤስ ኦፕን በተለመደው ጊዜው ከሄደ የሚጀምረው በኦገስት የመጨረሻ ቀናት ነው፣ የዊልቸር ጨዋታዎቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት። ሁለቱ ከተሞች በአንድ አገር ናቸው፤ በመካከላቸው ከሳምንት በላይ ዕረፍት ይኖራል። የቀን ግጭት የሚለው ምክንያት በዚያ ዓመት አይሠራም። አዘጋጆቹ መርሃ ግብሩን ሲያወጡ 8 ጥንዶች በኒው ዮርክ ይኖሩ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው።